ቲማቲሜ አበባ ሲይዝ እየጠወለገ ነው፤ ፈንገስን በፈንገስ መከላከል ይሠራል?

የቆጋ ልጅ (መርዓዊ)

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቆጋ መስኖ ላይ አንድ ቃዳ መሬት የማትሞላ ቲማቲም አለችኝ። ስተክለው ችግኙ ቶሎ ያዘ፣ አረንጓዴነቱ ያስጎመጅ ነበር። አበባ መያዝ ሲጀምር ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ እግር መጠውለግ ጀመረ። ጠዋት ቀና ይላል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይዝላል፣ ከዚያ አንድ ቀን በቃ አይነሳም። ውኃ አላነሰውም፣ ተራዬ ሲደርስ በደንብ አጠጣለሁ። መድኃኒት የሚሸጡት አንዱ ይህን ርጭ ይለኛል፣ ሌላው ያንን። አሁን ደግሞ አንድ ወዳጄ «ትራይኮደርማ የሚባል ጥሩ ፈንገስ አለ፣ አፈር ላይ ስትጨምረው የሥር በሽታውን ይበላዋል» አለኝ። ፈንገስን በፈንገስ ማለት ነው እንግዲህ። የሞከረ ወይም የሚያውቅ ካለ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ማሳው ዓይኔ እያየ እያለቀ ነው።

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ወዳጅህ ያለው ውሸት አይደለም። ትራይኮደርማ አለ፣ ይሠራል፣ እኔም በሥራዬ አውቀዋለሁ (የዕፅዋት ጥበቃ ነው የተማርኩት)። ግን ምን እንደያዘው ሳታውቅ እንዳትገዛ። ቲማቲምን ከሥሩ የሚያጠወልግ ነገር ብዙ ነው፣ ትራይኮደርማ የሚያግዘው ደግሞ በጥቂቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ማሳ ውረድ። ከጠወለገው አንድ እግር ከነሥሩ ቀስ ብለህ ንቀል። ሥሩን በውኃ አጥበህ እየው። አንጓ አንጓ ሆኖ አብጦ ከሆነ ኔማቶድ ነው፣ በዓይን የማይታይ ትል ማለት ነው። አላበጠም? እንግዲያው ግንዱን ከሥሩ ከፍ ብለህ በምላጭ ቁረጠውና ልጣጩን ገፈፍ አድርገህ ውስጡን ተመልከት። ከልጣጩ ሥር ቡናማ መስመር ካየህ የውኃ መሳቢያ ቧንቧው ተጠቅቷል። ይህን ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስም ያደርገዋል፣ ባክቴሪያም ያደርገዋል።

ሁለቱን የምትለይበት ቀላል መንገድ ይኸውልህ። ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ ቅዳ፣ የጣት ርዝማኔ ያለው የግንድ ቁራጭ አንዱን ጫፍ ውኃው ውስጥ አድርገህ ሳትነካካው ያዘው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ ነገር እንደ ወተት ክር እየሆነ ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ምንም ካልወረደና ቡናማው መስመር ካለ ፉዛሪየም መሆኑ ያመዝናል። ቅጠሉንም አስታውስ፦ ፉዛሪየም ከታች ካሉት ቅጠሎች ጀምሮ እያቢጫጨ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎኑ ብቻ። ባክቴሪያው ግን ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ይጥለዋል።

ደጋ ጮቄ

እኔ በእውነት እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም። ገበሬው የሚያውቀው የሚረጭ መድኃኒት ነው፣ ረጭተህ በማግስቱ ለውጥ ታያለህ። አሁን በእሽግ የመጣ ዱቄት አፈር ላይ በትነህ በሽታ ይጠፋል ማለት ለእኔ ከባድ ነው። አፈር ውስጥ ስንት ዓይነት ነገር አለ፣ ያ የተጨመረው በምን ጉልበቱ ያሸንፋል?

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

ደጋ ጮቄ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ትራይኮደርማ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም። የእኛም አፈር ውስጥ አለ፣ የበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ላይ አለ። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዘሩን ሲሠራ አረንጓዴ ይሆናል። ሌላውን ፈንገስ እንደሚያጠቃ የታወቀውም ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ዋይንድሊንግ የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ትራይኮደርማ ችግኝ የሚጥለውን ራይዞክቶኒያ የተባለ ፈንገስ ሲበላ አይቶ ጽፏል። እኛም አገር ከቡና ሥር አካባቢ አፈር የተወሰዱ የትራይኮደርማ ዓይነቶች በቡና አጠውልግ ፈንገስ ላይ ተሞክረዋል።

በምን ጉልበቱ ላልከው፦ የጠላቱን ክር ሲያገኝ ይጠመጠምበታል፣ ግድግዳውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፣ ቀዶ ይገባና ይመገበዋል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሐረግ ባሕር ዛፍ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ሁለተኛ፣ በጣም ፈጣን ነው። ሥሩ ዙሪያ ያለውን ቦታና ምግብ ቀድሞ ይይዛል፣ በኋላ የመጣው ፈንገስ የሚያርፍበት ያጣል። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ነው፤ ሥሩ ላይ ሲቀመጥ ተክሉ ራሱ ይነቃል፣ የመከላከያ ኃይሉን ያነሣል፣ ሥሩ ላይ የተጀመረው ንቃት እስከ ቅጠሉ ይደርሳል።

አሁን ልብ በል፣ ከሦስቱ አንዱም የታመመውን ማዳን አይደለም። ቀድሞ ቦታ መያዝ ነው ሥራው። የጠወለገ ቲማቲም ሥር ላይ ብታፈሰው ብርህን አፈሰስክ። ረጭቶ በማግስቱ ለውጥ ማየት የለመደ ሰው በዚህ ነው የሚከፋበት፤ ዱቄቱ የሚፈለገው ችግኝ መደብ ላይ ሆኖ ሳለ እኛ የምናስታውሰው ማሳው ሲጠወልግ ነው።

እታለም (ቡሬ)

ይህችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በደማቅ ጻፉልኝ። ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሰው ነኝ፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ሰው ችግኝ ሲገዛ ቁመቱን ብቻ ማየቱ ነው። ሥሩን እዩ! ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፣ ጸጉሩ የበዛ ነው። ቡናማ ሆኖ ስትስበው ልጣጩ የሚላቀቅ ከሆነ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

እኔ ትራይኮደርማ የምጠቀመው መደቡ ላይ ነው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ጥላ ውስጥ አደርግና ለ100 ኪሎ አንድ ኪሎ ዱቄት እቀላቅላለሁ። እርጥበቱ በእጅ ጨበጥ ሲደረግ የሚያያዝ ግን ውኃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። በላስቲክ ሸፈን አድርጌ፣ በየመሐሉ እያገላበጥኩ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ሲከፈት ነጭና አረንጓዴ ክር ጣል ጣል ብሎበት ይታያል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ከዚያ መደቡ ላይ ከላይኛው አፈር ጋር እቀላቅለዋለሁ። ችግኙ ሊተከል ሲል ደግሞ ሥሩን ዱቄቱ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ፣ ለሊትር 10 ግራም ገደማ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ነከር አድርጎ ማውጣት ነው። ተከላው ወደ ማታ ይሁን፣ ፀሐይ ይገድለዋል።

መጠኑን ግን እሽጉ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፣ ሁሉም ምርት አንድ አይደለም።

በዚህ ላይ የመደብ ነገር አለ። መደቡ ከመሬት ከፍ ካላለና ውኃ ከተኛበት ምንም ፈንገስ አያድነውም። ገና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ድፍት የሚለው በአብዛኛው ከውኃ ብዛትና ከዘር መታፈን ነው። ዘር አሳሱት።

ደጋ ጮቄ

እታለም፣ አመሰግናለሁ፣ ይህ የገባኝ ነው። ግን ዱቄቱ ውድ ነው ይባላል። በቆሎ ቀቅዬ ከእሽጉ ትንሽ ነስንሼበት ቤቴ ባራባውስ? አንዳንዱ እንደዚያ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

እባክህ ይህን አታድርግ። በላቦራቶሪ እህል ላይ ይራባል፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን እህሉ በእንፋሎት ግፊት ከጀርም ነጽቶ ነው። ቤት ውስጥ የተቀቀለ በቆሎ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚያድግ አታውቅም። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታም አረንጓዴ ነው፣ በዓይን ከትራይኮደርማ አትለየውም። እሱ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን የጉበት መርዝ የሚያመነጨው ነው፤ በቆሎና ለውዝ ላይ የምንፈራው ያው እሱ። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ማራባት አደጋ ነው። መቆጠብ ከፈለግህ እታለም እንዳለችው በበሰለ ኮምፖስት አበርክተው። ስትቀላቅል አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ዱቄቱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

እንጉዳይ ባሕር ዳር

ውይ እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ነኝ። እንጉዳይ ነው የማመርተው፣ ትራይኮደርማ ለእኛ ቀንደኛ ጠላት ነው! አረንጓዴ ሻጋታ የምንለው እሱን ነው፤ አንድ ጆንያ ከያዘ ቤቱን በሙሉ ይጨርሰዋል። እንጉዳይም ፈንገስ ነዋ። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ቲማቲምም እንጉዳይም ያላችሁ ሰዎች ኮምፖስቱን የምታበለጽጉበት ቦታ ከእንጉዳይ ቤቱ ይራቅ፣ ልብሳችሁንና እጃችሁን ሳትታጠቡ አትግቡ። ይህን የሚነግር ሰው ስለሌለ ነው የጻፍኩት።

በተረፈ ጉልበቱን የሚጠራጠር ካለ የእኔን ቤት አይቶ ይመን።

አያ ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ልጆቼ፣ ብዙ ቁም ነገር ተባለ። እኔ ከአፈሩ ልጀምር። የእኛ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ አሲዳማ የሚሉት። ግብርናዎች ኖራ ጨምሩ ይሉናል፣ እኛም ስንዴና ገብስ ላይ ለውጡን አይተነዋል። አሁን ይህ ጥሩ ፈንገስ ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ኖራ ብጨምር አልገድለውም? ወይስ ኖራውን ልተው?

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

አያ፣ ይህ የጎጃም ገበሬ ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ እጅግ ደስ አለኝ።

ኖራውን አይተዉት። ፉዛሪየም የሚበረታው አፈሩ ሲኮመጥጥ ነው። ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ወደ 6.5 አካባቢ ከፍ ሲል የቲማቲም ፉዛሪየም እንደሚቀንስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ትራይኮደርማ ኮምጠጥ ያለውን ቢወድም በ6 እና በ6.5 በደንብ ይኖራል። ሁለቱ የሚጣሉት በአንድ ቀን ሲጨመሩ ነው። ኖራው ቀደም ብሎ፣ ከተከላ ከወር በላይ አስቀድሞ ገብቶ ከአፈሩ ጋር ይዋሐድ፣ ፈንገሱ ከችግኙ ጋር ይምጣ። መጠኑን ግን በአፈር ምርመራ ነው እንጂ በግምት አይሆንም።

ከኖራው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፣ ማዳበሪያ። ዩሪያ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ነው የሚለወጠው፣ አሞኒየም የበዛበት አፈር ደግሞ ለፉዛሪየም ይመቸዋል፣ አፈሩንም ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። ስለዚህ «ተክሉ ደክሟል» ብሎ ዩሪያ መደረብ የታመመ ማሳን ማባባስ ነው።

እታለም (ቡሬ)

ማይኮራይዛ የሚባለውንስ? አንዳንድ እሽግ ላይ ሁለቱም አብረው ተጽፈው አያለሁ።

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ማይኮራይዛ ሌላ ወገን ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ጋር የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ክሩን ወደ አፈሩ ዘርግቶ ፎስፈረስና ውኃ ያመጣል፣ ተክሉ ስኳር ይከፍለዋል። ቲማቲም ይቀበለዋል። በቆሎና ጤፍም ይቀበሉታል፣ ስለዚህ ከእነሱ በኋላ አፈሩ ውስጥ ይበረክታል። ጎመን ግን አይቀበለውም። ከጎመን በኋላ የተተከለ ቲማቲም ይህን ወዳጁን አሳንሶ ነው የሚያገኘው። የፎስፈረስ ማዳበሪያ ሲበዛም ተክሉ «አልፈልግህም» ብሎ ይዘጋበታል። ስለዚህ ማይኮራይዛ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አታጥፉ ነው ምክሬ።

የቆጋ ልጅ (መርዓዊ)

እንደነገርከኝ አደረግሁ ወንድሜ። ከተለያየ ቦታ እየነቀልኩ አየሁ፣ ሥሩ አላበጠም። ብርጭቆውን ደግሞ እናቴም ጎረቤቶቼም ከበው ነው ያዩት። የገረመኝ ውጤቱ አንድ አይደለም። ውኃ በሚገባበት በላይኛው ጫፍ ካለው ስቆርጥ ነጩ ነገር ቁልቁል ሲወርድ በዓይናችን አየነው፣ ውኃው ደፈረሰ። ከታችኛው ጫፍ፣ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነው የቆረጥኩት ግን ውስጡ ቡናማ ነው፣ ውኃው እንደጠራ ቀረ። ሁለት በሽታ ነው ያለኝ ማለት ነው?

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

አዎ፣ ሁለቱም ሳይኖርብህ አልቀረም፣ ይህ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ማየትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ላይኛው ጫፍ ላይ ትራይኮደርማም ሆነ ፀረ ፈንገስ ብታፈስ ባክቴሪያውን አያስቆመውም። ለዚያኛው መድኃኒት የሚሸጥልህ ካለ አትስማው።

ላይኛውን የጠወለገ ሁሉ ከነሥሩና ከያዘው አፈር ጋር በጆንያ አድርገህ አውጣ፣ ከማሳው ርቀህ አቃጥለው። ቦይ ውስጥ እንዳትጥለው! ባክቴሪያው በውኃ ነው የሚጓዘው። ቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር ገደማ ነው በአንድ ግድብ ውኃ የሚጠጣው፣ ውኃው ከአንዱ ትልም ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፣ የአንዱ ሰው በሽታ የሁሉም ነው። እዚያ የሠራህበትን ዶማና ጫማህን ሳታጥብ ወደ ታችኛው አትሻገር። ኩትኳቶም ቀንስ፣ የተቆረጠ ሥር በር ነው። በሚመጣው ዓመት እዚያ ላይ ድንች፣ በርበሬ፣ ቲማቲም እንዳይተከል፣ ያው ባክቴሪያ ሁሉንም ይይዛል። በቆሎ ወይም ስንዴ አድርግበት፤ ሽንኩርትም ይሆናል።

ታችኛው ነው የትራይኮደርማ ቦታ። የዘንድሮውን ሳይሆን የሚመጣውን አስብ። የፉዛሪየም ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ ብዙ ነገር ደርበህ ነው የምትቋቋመው። አንደኛው የቲማቲሙ ዘር ነው። ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ላይ ቪ እና ኤፍ የተጻፉት ቬርቲሲሊየም የተባለውን ሌላ አጠውልግ ፈንገስና ፉዛሪየምን ስለሚቋቋም ነው፤ ፉዛሪየም ዓይነት ዓይነት ስላለው ሁሉንም ይችላል ማለት ግን አይደለም። ከዚያ ኖራው። ከዚያ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ማሳውን አጠጥቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሶ ማቆየት፣ ቢያንስ ችግኝ መደቡን። ሙቀቱ ብዙ ጠላት ያደክማል፣ ላስቲኩ ሲነሣ ባዶ የሆነውን ቦታ ትራይኮደርማ ቀድሞ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የሚያምረው።

ደጋ ጮቄ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርጭት በኩል የማውቀው ስለሆነ። ክረምት ሲቃረብ ቅጠል ላይ ለሚመጣው ዋግ መሳይ በሽታ ማንኮዜብ የሚባል ፀረ ፈንገስ ይረጫል። ያ ጥሩውን ፈንገስ አይገድለውም?

ሥረ መሠረት (ባሕር ዳር)

ቅጠል ላይ በልኩ ከረጨኸው፣ ሥሩ ላይ ካላፈሰስከው ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ካርቤንዳዚም የሚባለው ፀረ ፈንገስ ነው፤ ትራይኮደርማ እሱን አይችልም። ሥር ላይ የሚፈስ ፀረ ፈንገስ ተጠቅመህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተህ ነው ትራይኮደርማ የምትጨምረው። በአንድ ታንከር ውስጥ ከኬሚካል ጋር መበጥበጥ ግን በፍጹም።

እታለም (ቡሬ)

ስትገዙ ደግሞ የምርት ቀኑንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ በሕይወት ያለ ነገር ነው የምትገዙት። የፈንገሱ ሙሉ ስምና በግራም ስንት ሕያው ዘር እንዳለው ያልተጻፈበት እሽግ አትውሰዱ። በአገራችን መመዝገቡንም ጠይቁ። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ ቀኑ ባያልፍም ሞቷል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ኮምፖስት ላይ ምንም ክር ሳያወጣ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ በጥቂቱ ኮምፖስት ሳልሞክር መደብ ላይ አላወጣም።

የቆጋ ልጅ (መርዓዊ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የላይኛውን ነገ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ነቅለን እናወጣለን። አንድ የቀረኝ ጭንቀት አለ። ውኃው ወደ እኔ የሚገባው ከላይኛው ጎረቤቴ ማሳ አልፎ ነው፣ የእሱም ቲማቲም ታሟል። እኔ ብነቅል እሱ ካልነቀለ ምን ዋጋ አለው? ሰውየው ደግሞ ታላቄ ነው፣ ነቅለህ ጣል ብዬ ለመናገር ይከብደኛል።

አያ ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ ብርጭቆህን ይዘህ ሂድ። ከእሱ ማሳ አንድ እግር አስቆርጠው፣ በራሱ እጅ ውኃው ውስጥ ይያዘው፣ ይየው። ታላቅህን ማስተማር አይጠበቅብህም፣ ዓይኑ ይነግረዋል። ውኃ አባቱንም አብራችሁ ጥሩት፤ የሁለታችሁን ተራ ለጊዜው አለያይቶ ለአንተ ከቦዩ በቀጥታ የሚገባበት ትልም ቢከፍትልህ የእሱ ትርፍ ውኃ ወደ አንተ አይወርድም። ይህን ሳትጨርስ ግን ዱቄት ልገዛ ብለህ ባሕር ዳር እንዳትወጣ።